ጫማ ያደረገ ጠርሙስ

ለሰሚው ሁሉ ይታወቅ፤ ማክሰኞ ዕለት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ፣ በጭማቂ ፋብሪካው መሙያ ክፍል ውስጥ አንድ ጠርሙስ ወደቀ።

ጭማቂ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ ወደቀ ማለት ሰርግ ቤት ሰው ጨፈረ እንደማለት ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። የዚያን ዕለት ግን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ዞረ። የሚገርመው፣ ጠርሙሱን ያየ አልነበረም። ሁሉም የተያየው እርስ በርሱ ነው።

ማሽኑን ያቆመችው መካኒኳ ናት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላው «ሚሊ» ይላታል፣ ሚሊ ሜትር ለማለት። ለምን ቢሉ፣ ለማንኛውም ነገር መልሷ «ሁለት ሚሊ ጎድሏል» ወይም «አንድ ሚሊ ተርፏል» ስለሆነ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር «ልብሽ ውስጥ ለኔ የሚሆን ቦታ ይኖር ይሆን?» ብሎ ቢጠይቃት «ስንት በስንት የሚሆን?» አለችው ይባላል። ሹፌሩ ከዚያ ወዲህ ዕቃ የሚያራግፈው በጓሮ በር ነው።

ሚሊ ማሽኑ ላይ ጎንበስ አለች። ሥራ ስትጀምር ሁልጊዜ እንደምታደርገው አንድ ትከሻዋን ዝቅ፣ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ጆሮዋን ለብረቱ ሰጠች። ሰው ሐኪም ያዳምጠዋል፤ ማሽኑን የምታዳምጠው እሷ ነበረች። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ታዲያ ምን ነካው?

ጠርሙሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደሌላው ጠርሙስ አይደለም። አንድ ትከሻው ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ነው። አንገቱ ያዘነብላል። መቀመጫው የባቄላ ፍሬ ይመስላል። የነደፈው የፋብሪካው ባለቤት ልጅ ነው። ያማረ ነው፤ አይካድም። ችግሩ፣ ማሽን ያማረ ነገር አይገባውም፤ የሚገባው ክብ ነገር ነው። መጀመሪያ ቀን ኮንቬየሩ ላይ ሲያቆሙት ሁለት ክንድ ሳይጓዝ ተጋደመ፤ አንዱ ሲጋደም ከኋላው ያሉት አርባ ሁለት ጠርሙሶች በኀዘን ተከተሉት።

መላውን የዘየደችው ሚሊ ናት። ከጠንካራ ፕላስቲክ በቶርኖ ማሽን አስቀርጻ፣ ውጪው ድብልብል፣ ውስጡ ልክ በጠርሙሱ መቀመጫ ቅርጽ የተፈለፈለ ማቆሚያ አሠራች። ጠርሙሱ እዚያ ውስጥ ይቆማል፤ ማሽኑ የሚይዘው ጠርሙሱን ሳይሆን ማቆሚያውን ነው። በማሽኑ ዓይን ያ ዘንባላ ጠርሙስ ቀጥ ያለ የጨዋ ልጅ ይመስላል ማለት ነው። ሠራተኛው «ጫማ» ብሎ ሰየመው። ሁለት መቶ አርባ ጫማ ተሠራ፤ እያንዳንዱም ጎኑ ላይ ቁጥር ተቀረጸለት። ባዶው ጠርሙስ ከግድግዳው ወዲያ፣ መጫሚያው ጠረጴዛ ላይ ጫማውን ያደርጋል፤ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ መሙያው ክፍል ይገባል፤ ይሞላል፤ ቆርኪውን ይደፋል፤ ማሸጊያው ጋ ጫማውን አውልቆ ካርቶን ውስጥ ይተኛል። ባዶው ጫማ በሌላ ኮንቬየር ወደ መጫሚያው ይመለሳል። አንድ ዙር ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

አንዲት የታጠፈች ወረቀት ከጠርሙሱ ሥር፣ ጫማው ውስጥ ተደብቃ ይህን ሁሉ መንገድ ልትሄድ እንደምትችል መጀመሪያ ያሰበው ማን እንደሆነ፣ ሚሊና የፋብሪካው ባለቤት ልጅ እስከዛሬ ይከራከሩበታል። ልጁን ሠራተኛው «ትንሹ አለቃ» ይለዋል፤ ሲቸኩል «ትንሹ»። ቁመቱ የበር መቃን ይነካል፤ ትንሽ የተባለው ትልቋ አለቃ እናቱ ስለሆኑ ብቻ ነው። ክፍሉ መጫሚያው ጠረጴዛ አጠገብ ነው፤ ባዶ ጠርሙሶችን ለመብራት እያሳየ ስንጥቅ ይፈልጋል። አሥራ ሰባት ቁጥር ጫማ የሁለቱ ነበረች። እሱ ከጠርሙሱ ሥር ደብዳቤውን ያኖራል፤ ሚሊ «ለልኬት» ብላ ጫማዋ መሙያው ጋ ሳትደርስ ከኮንቬየሩ ታነሳታለች፤ መልሷን ባዶው ጫማ ውስጥ ከትታ በመመለሻው ትሰዳለች። እንዲህ ሆኖ ስምንት ወር አለፈ። በሰው ፊት ግን «እንደምን አደሩ?» «ደህና፣ እርስዎስ?» ነበር። እናቱ ልጃቸውን ለማን እንዳሰቡት የሚያውቅ የለም፤ ለማን እንዳላሰቡት ግን በረኛው ሳይቀር ያውቃል።

ወደ ወደቀው ጠርሙስ እንመለስ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራተኛው ነው። አራቱም የወደቁት ረፋድ ላይ፣ በሚሊ ፈረቃ ነው። ሚሊ ስብርባሪውን ለቅማ አንገቱን ለብርሃን ብታሳየው፣ እንደ ሦስቱ ሁሉ ጭረት አለበት። ካሊፐሯን አወጣች። በዚያች መለኪያዋ ስትለካው፣ መሙያው ቱቦ ጠርሙሱን የመታው አራት ሚሊ ከፍ ብሎ ቆሞ አግኝቶት ነው። ጠርሙስ በአንድ ጀንበር አያድግም። እንግዲያው ከሥሩ አንድ ነገር ነበር።

ጫማውን አነሳች። ስድሳ አንድ ቁጥር። ውስጡ በጭማቂ የራሰ፣ የተጨማደደ ወረቀት አለ። ባለካሬ ወረቀት። ትንሹ ጠርሙስ የሚነድፍበት፣ ለሷም የሚጽፍበት ያው ባለካሬ ወረቀት። እጥፋቱ ውስጥ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ነገር ተለጥፏል፤ የሌብል ሙጫ መሰላት። ቀለሙ ፈሷል፤ የሚነበቡት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው።

«አደራ… እንዳትረሳ…»

የሷ ጽሕፈት አይደለም። ለወንድ የተጻፈ ነው። በሱ ወረቀት ላይ።

«ምን አገኘሽ?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

ወረቀቱን ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው። የፋብሪካው ባለቤት ናቸው። ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል፤ ሌላ ስም ያስፈለጋቸው አይመስልም።

«ስብርባሪ ነው እትዬ።»

«ሚሊ፣ ይህ ጠርሙስ አይቆምም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ያለ ጫማ አይቆምም ነው ያልኩት።»

«አሁን ጫማ አለው።»

«አለው።»

«ታዲያ ለምን ወደቀ?»

«እያየሁት ነው።»

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው» አሉ እትዬ። «አንቺ ስታዪው ነው የሚወድቀው።»

ከዚያ ወደ መሙያው ኦፕሬተር ዞሩ። ኦፕሬተሩ ለጡረታ ሦስት ዓመት የቀራቸው አዛውንት ናቸው፤ «ጋሽ ዝም» ይባላሉ። መሙያው መግቢያ ላይ ለሰው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ ቀኑን ሙሉ ከአሥር ቃል በላይ አይወጣቸውም፤ ከአሥሩ አምስቱ «እሺ» ነው።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ?» አሉ እትዬ።

«ይመስገን» አሉ ጋሽ ዝም።

የዕለቱ ንግግራቸው ተፈጸመ። እትዬ ለሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሐሙስ ገዢው ይመጣል። መስመሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቆም ሲሠራ ካየ ይፈርማል። ከቆመ፣ ወደ ክቡ ጠርሙስ እንመለሳለን፤ ልጄም ወደ ሌላው ከተማ ቅርንጫፍ ሄዶ ክብ ነገር መንደፍ ይማራል። ጠርሙሱን የሚጥለው ሰው ግን ከሱ በፊት ይሄዳል።»

ይህን ሲሉ ሚሊን አላዩም። አለማየታቸው ከማየት ይብስ ነበር። ሚሊ መፍቻዋን አጥብቃ ያዘች፤ ያስፈራት ግን የእትዬ ዛቻ አልነበረም። ኪሷ ውስጥ ያለችው እርጥብ ወረቀት ነበረች፤ በቱታው ዘልቃ ጭኗን ታቀዘቅዛት ጀመር፤ ቅዝቃዜው ወደ ላይ፣ ወደ ደረቷ ሲወጣ ታወቃት።

*

በምሳ ሰዓት ወደ መጫሚያው ክፍል ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ለጠርሙስ ጫማ የምታደርገው «ራዲዮ» የምትባለዋ ሴት ናት። ሥርጭቷ አይቋረጥም።

«መጣሽ? ሰማሁ፤ ዛሬም ወደቀ» አለች ራዲዮ፤ ከረሜላዋን ከአንድ ጉንጭ ወደ ሌላው እያሻገረች። «እኔ እንጃ! እኔ በበኩሌ ጫማውን አድርጌ፣ ክሩን አስሬ ነው የምልከው። እዚያ ደርሶ ሲሰክር እኔ ምን ላድርግ?»

«ወደዚህ ጠረጴዛ ማን ማን ይመጣል?»

«ማን ይመጣል? እኔ አለሁ። ትንሹ አለ። እትዬ አራት ሰዓት ገደማ ይመጣሉ፤ በየቀኑ ጫማ ያገላብጣሉ፣ ያያሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ቀን እንኳ ገዝተው አያውቁም!» ራዲዮ በራሷ ቀልድ ሳቀች፤ ወዲያው ድምጿን ቀነሰች። «ምነው? የሆነች ሴት ጠርጥረሽ ነው?»

«ለምን ሴት አልሽ?»

«እንዲህ ያለ ፊት ይዞ የሚመጣ ሰው ወንድ ፍለጋ አይመጣም፣ እህቴ።»

ሚሊ የትንሹን በር አንኳኳች፤ ሳይፈቀድላት ገባች።

ትንሹ መብራቱ ፊት ጠርሙስ ይዞ ቆሟል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስል ጠፋ። ሁለቱንም አየቻቸው። መብራቱን ሳይሆን መጥፋቱን መዘገበች።

«በሩ ክፍት ነው፤ ራዲዮ ትሰማለች» አለ።

«ትስማ። ለሥራ ነው የመጣሁት። ይህን ባለካሬ ወረቀት ማን ይጠቀምበታል?»

«እኔ። ከኔ በቀር ማንም።»

«ለሌላ ሰው ሰጥተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።» ጠርሙሱን አስቀመጠ። «የሚገርመው፣ እኔም ስለሱ ልጠይቅሽ ነበር። ደብተሬ እየሳሳ ነው። ከአሥር ቅጠል በላይ ጎድሏል። አንቺ… ከዚህ ወረቀት ወስደሽ ታውቂያለሽ?»

ልጁ ሌላ ነገር ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር፤ ለማን ነው የምትጽፊው ሊላት። ምላሱ ላይ የመጣው ግን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ደግሞ ብቻውን ሲቆም ሌላ መልክ አለው። ይህም ጫማ ያስፈልገው ነበር።

«ሌባ አደረግከኝ?» አለች ቀስ ብላ።

«አልወጣኝም እኮ!»

«ወረቀት ጠፋ። ጠርሙስ ወደቀ። መካኒኳ ትጠየቅ። እናትህ ረፋድ ላይ፣ አንተ በምሳ ሰዓት። ደግ ነው፤ ቢያንስ ቤተሰቡ ይስማማል።»

«ሚሊ፣ የሚወድቀው አንቺ ባለሽበት ሰዓት ብቻ ነው። እናቴ ይህን ስትለኝ አፌን ከፍቼ ልሟገትልሽ ብል፣ ምን ይዤ ልሟገት? አንቺ ደግሞ ሰሞኑን መልስሽ አጥሯል። አንድ ገጽ ትጽፊ የነበርሽው አሁን ሁለት መስመር። ሌላ የምትጽፊለት ሰው…»

«እኔ?» ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት በጣቷ ጨበጠችው። አውጥታ ፊቱ ላይ ብታነጥፈው ነገሩ እዚያው ይለይ ነበር። አላወጣችውም። መልሱን የፈራ ሰው ጥያቄውን ኪሱ ውስጥ ያቆየዋል። «ለዚህ ጠርሙስ ጫማ ያሠራሁለት እኔ ነኝ። በእግሩ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ልጥለው ብፈልግ ኖሮ ዝም ብል ይበቃኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም? ዓይንሽ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።»

«ዓይኔ ውስጥ ያለው የጠርሙስ ብናኝ ነው» አለች፤ ወጣችም።

ራዲዮ አንድ ጫማ በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ጠርሙስ ሳታደርግበት፣ አፏን ከፍታ ቀርታለች። ሚሊ አላየቻትም። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ከኋላዋ የእግር ኮቴ ይመጣ እንደሆነ አዳመጠች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ማሽን እንደምታዳምጠው አዳመጠች። ምንም አልመጣም። ማሽን እንኳ ሲቆም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ይህኛው ዝምታ ግን ድርቅ ያለ ነበር።

*

ረቡዕ ጧት አሥራ ሰባት ቁጥር በግድግዳው ቀዳዳ ብቅ ስትል ሚሊ ከሩቅ አየቻት። ጠርሙሱ በትንሹ፣ ከግማሽ ሚሊ በማትበልጥ፣ ከፍ ብሏል። ሌላ ሰው በዓይኑ ሊለየው አይችልም። ደብዳቤ አለ። እጇ ሊነሳ ከጀለ፤ ወደ ኪሷ መለሰችው። አላነሳውም። ይለፍ። የሄደ ይሂድ።

አሥራ ሰባት ቁጥር ግን አላለፈችም። መስመሩ ድንገት ቆመ። እትዬ ራሳቸው ቀዩን ቁልፍ ተጭነውታል።

«ሁላችሁም ወደዚህ ኑ» አሉ።

ራዲዮ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከመጫሚያው መጣች፤ ትንሹ ተከተላት። ማሸጊያዎቹ በአንድ ጎን ተሰበሰቡ። ጋሽ ዝም ከቦታቸው አልተነሱም፤ ዞር ብቻ አሉ፤ ለሳቸው ይህም ብዙ ነው።

«ነገ ሐሙስ ነው» አሉ እትዬ። «ገዢው ከመምጣቱ በፊት ይህ ነገር ዛሬ ይለይለታል። መካኒኳ፣ ተናገሪ። ምንድን ነው የሚጥለው?»

ሚሊ ሌሊቱን አስባበታለች፤ ብትናገር ምን እንደሚሆን፣ ባትናገርም ምን እንደሚሆን። ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ አሥራ ሰባት ቁጥር ቆማለች። ጫማዎቹ ከተገለበጡ የስምንት ወር ምሥጢር ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። ካልተገለበጡ ጠርሙስ ጣይ ተብላ ትሄዳለች። ከሁለቱም በላይ ግን አንድ ነገር ፈለገች፤ ከስድሳ አንድ ቁጥር ውስጥ የሚወጣው ሲወጣ የልጁን ፊት ማየት።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው» አለች። «ጠርሙሱም ጤነኛ ነው። የወደቁት ሁሉ አራት ሚሊ ከፍ ብለው ቆመው ነው የተመቱት። አንድ ሰው ከጠርሙሱ ሥር የሆነ ነገር ያኖራል። ጫማዎቹን እንገልብጣቸው።»

«አያስፈልግም!» አለ ትንሹ።

«አያስፈልግም!» አሉ እትዬ።

እናትና ልጅ ተያዩ። በሕይወታቸው እንዲህ በአንድ ቃል ተስማምተው አያውቁም።

«እኔም አያስፈልግም ባይ ነኝ» አለች ራዲዮ፤ «ግን ማየት እፈልጋለሁ።»

ሚሊ የልጁን «አያስፈልግም» ሰማች፤ ውስጧ የቀረችው የመጨረሻዋ ተስፋ ስንጥቅ አለች። እንግዲያው እውነት ነው። የሚደብቀው አለው። ማንንም ሳትጠይቅ የመጀመሪያውን ጫማ አነሳችና መሣሪያዋን በምታኖርበት ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። ባዶ። ሁለተኛው ባዶ። ሦስተኛው ባዶ። ከአራተኛው የከረሜላ ወረቀት ወጣ፤ ራዲዮ ቀና ብላ የጣሪያውን ጥራት መረመረች። ከዚያ እጇ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ደረሰ። አልዘለለችውም። መዝለል የሌባ ነው። ጠርሙሱን አውጥታ ጫማውን ገለበጠች፤ በሁለት የታጠፈ ባለካሬ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

እትዬ ቀድመው አነሱት።

«እማዬ፣ ስጪኝ» አለ ትንሹ። «የኔ ነው።»

«በፋብሪካዬ ጫማ የተጓዘ ደብዳቤ የፋብሪካዬ ነው» አሉ፤ ሊያሳፍር እንደሚያነብ ሰው ጮክ ብለው ጀመሩ። «‹ሚሊዬ…›»

ማሸጊያዎቹ ተነቃነቁ። ራዲዮ ደረቷን ያዘች፤ ይህን የመሰለ ወሬ ከአፍንጫዋ ሥር ስምንት ወር ሲያልፍባት ኖሯል!

«‹ሚሊዬ፤ ትናንት ሌባ ያልኩሽ መስሎሽ ሄድሽ። እኔ የፈራሁት በወረቀቴ ለሌላ ሰው የምትጽፊ መስሎኝ ነው። ቅናት መሆኑ ነው፤ አጠያየቁን አላወቅኩበትም። ሰው ሁሉ ይህን ጠርሙስ ከየት አመጣኸው ይለኛል። ለማንም ነግሬ አላውቅም። አንድ ቀን በግድግዳው ቀዳዳ ሳይሽ አንድ ትከሻሽን ዝቅ፣ አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ ማሽኑን ታዳምጪ ነበር። እንዲህ አድርጎ የሚያዳምጠኝ ሰው ባገኝ ብዬ ሳልኩት። ማሽን ላይ እንደማይቆም አውቅ ነበር። አንቺ እንደምታቆሚው ግን…›»

የእትዬ ድምፅ አነሰ፤ ቀጥሎም ጠፋ። የቀረውን በዓይናቸው አነበቡት።

ሰዉ ኮንቬየሩ ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አየ። ከዚያ ሚሊን አየ። እንደገና ጠርሙሶቹን አየ። ሁለት መቶ ሚሊዎች፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ በፀጥታ ያዳምጣሉ። እሷ ግን ማንንም አላየችም። ዓይኗ ሞልቶ ልጁ እንኳ በውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው ይንቀጠቀጥባት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ለራሷ በእጇ ጫማ ስታደርግላት፣ በእግሯ ስታቆማት ኖራለች፤ አላወቀችም።

«በቃ» አሉ እትዬ፤ ወረቀቱን አጥፈው። «ተገኘ። ጠርሙሴን የሚጥለው ይህ ነው። መካኒኳ ዛሬ ሒሳቧን ትውሰድ። አንተ ዓርብ ትሄዳለህ።»

«እትዬ፣ ይቅርታ» አለች ሚሊ። ካሊፐሯን አወጣች። ካሊፐሩ አይዋሽም። እትዬ እጅ ላይ ያለውን ወረቀት፣ እንደታጠፈ፣ ለካችው። «ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም። የሚጥለው አራት ነው። ይህ ደብዳቤ ማንንም አልጣለም።»

«በቃ አልኩ እኮ!»

ሚሊ ቀና አለች። እትዬ ዓይን ውስጥ ቁጣ የጠበቀችበት ቦታ ሌላ ነገር አየች። ፍርሃት። ጠርሙስ የወደቀበት ባለቤት ፍርሃት አይደለም። ከዚህ በላይ ጫማ እንዳይገለበጥ የሚለምን ፍርሃት ነው።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች ራዲዮ፤ ለራሷ ያለች መስሏት።

ያን ጊዜ ማንም ያልጠበቀው ድምፅ ተሰማ።

«ስድሳ አንድ» አሉ ጋሽ ዝም።

ኮፍያቸውን አወለቁ። ኮንቬየሩን ተከትለው ዘጠኝ እርምጃ ሄዱ። ሳይፈልጉ፣ ቁጥር ሳያነቡ፣ እንደለመደ እጅ አንዱን ጠርሙስ ከጫማው አወጡ፤ ጫማውን መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ትንሽ፣ ተጠቅልላ የታጠፈች ባለካሬ ወረቀት ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ሲፈቷት አንዲት ነጭ ኪኒን ተንከባልላ ከሚሊ ካሊፐር አጠገብ ቆመች። ወረቀቱ ላይ፣ ቀለሙ ሳይፈስ፣ «አደራ፣ እንዳትረሳ» የሚል ተጽፏል።

«የደም ግፊት ነው» አሉ ጋሽ ዝም። «ልጅቷ ትክክል ናት። ሳልረሳ አነሳታለሁ። የረሳሁ ቀን ነው የሚወድቀው። እኔ ነኝ።»

ይህ የሁለት ቀን ንግግራቸው ነው።

«ማን ነው ታዲያ የሚልክ…» ራዲዮ ጀመረች፤ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ዘጋችው።

ሚሊ ኪሷ ውስጥ የደረቀችውን ወረቀት አውጥታ ከአዲሷ ጎን አኖረቻት። ነጩ ነገር ሙጫ አልነበረም። ትንሹ ሁለቱን ወረቀቶች አየ፤ የሱ ካሬዎች ናቸው። ከዚያ፣ ከሱ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያላቸውን አንድ ሰው፣ እናቱን አየ። ሁሉም፣ ልክ እንደ ማክሰኞው፣ ጠርሙስ የወደቀ ይመስል እርስ በርሱ ይተያያል፤ የወደቀ ጠርሙስ ግን አልነበረም።

እትዬ የልጃቸውን ደብዳቤ በእጃቸው እንደያዙ ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ጥጉን ቀጥ አደረጉት። ከዚያ በሠራተኞቹ መሐል አልፈው ጥግ ወዳለው የውኃ በርሜል ሄዱ። ብርጭቆውን አለቀለቁ። እንደገና አለቀለቁት። ሞልተው፣ ምንም ሳይፈስ፣ በሁሉም ሰው ፊት ይዘው ተመለሱና ለጋሽ ዝም ሰጧቸው።

«በልተሃል?» አሏቸው።

«በልቻለሁ።»

«በባዶ ሆድ አይሆንም።»

«በልቻለሁ አልኩሽ።»

ጋሽ ዝም ኪኒኗን ዋጡ። እትዬ ውኃው እስኪያልቅ አጠገባቸው ቆመው ጠበቁ፤ ባዶውን ብርጭቆ ተቀበሉ፤ ጀርባቸውን ለሰው እንደሰጡም፣

«ሚሊ» አሉ፤ «ማሽኑን አስነሺው።»